የውስኪው አመፅ፦ የምዕራብ ፔንስልቬንያ ገበሬዎችና የአምስት ዓመቱ መንግሥት

አንድ የጭነት ፈረስ የአሌጌኒን ተራራ አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ገበያ ሲወርድ መሸከም የሚችለው 4 ቡሽል ያህል እህል ነበር፤ በእኛ ልኬት አንድ ኩንታል ገደማ። እህሉ ውስኪ ከወጣው ግን ያው ፈረስ እያንዳንዳቸው 8 ጋሎን የሚይዙ ሁለት በርሜሎች በግራና በቀኝ ተጭኖ የ24 ቡሽል፣ ማለትም የ6 ኩንታል እህል ዋጋ ይዞ ይሻገራል። በ1790ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የምዕራብ ፔንስልቬንያ ገበሬ በግብር ምክንያት ለምን ጠብመንጃ አነሣ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከዚህች ስሌት ነው።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከመጨረሻው ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ሚሊሺያ አዘመተ፣ አመፀኛው ተበተነ፣ ሕግ ተከበረ ይባልና ያበቃል። በእኛ እምነት ትምህርቱ ያለው ከዚያ በፊት ነው። አመፁን የወለዱት የግብሩ አሰላልና የክሱ አካሄድ ናቸው። ገና በእግሩ ያልቆመው መንግሥትም ሥልጣኑን ያጸናው ከዘመቻው በፊትና በኋላ በወሰዳቸው እርምጃዎች ቅደም ተከተል ጭምር ነው።

አገሩና ገበያው

ነገሩ የተፈጸመው በፒትስበርግ ከተማ ዙሪያ ባሉት አራት ካውንቲዎች (የክፍለ ግዛቱ ንዑስ አስተዳደሮች)፣ በአሌጌኒ፣ በዋሽንግተን፣ በፋዬትና በዌስትሞርላንድ ነው። ወንዞቻቸው የሚፈስሱት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሃዮና ከዚያም ወደ ሚሲሲፒ ነው። የሚሲሲፒን መውጫ የያዘችው ስፔን ደግሞ መንገዱን ለአሜሪካውያን ንግድ በውል የከፈተችው በ1795 ነው። ስለዚህ ገበሬው እህሉን በውኃ አውርዶ መሸጥ አልቻለም፤ በተራራ አሻግሮ መሸጥም አያዋጣውም። ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ከነባር ሕዝቦች ጋር የሚደረግ ጦርነት አለ። በኖቬምበር 1791 የጄኔራል ሴንት ክሌር ጦር ሲደመሰስ የድንበሩ ነዋሪ መንግሥቱ ሊጠብቀው እንዳልቻለ በዓይኑ አየ።

ጥሬ ገንዘብ ብርቅ ነበር። ውስኪ በአገሩ እንደ ገንዘብ ይዘዋወራል፤ የቀን ሠራተኛ ይከፈልበታል፣ ከሱቅ ጨውና ብረት ይገዛበታል። አወጣጡም ቀላል ነው። ራይ የሚባለው ስንዴ መሰል እህል ይፈጫል፣ ከብቅል ጋር በፍል ውኃ ይበጠበጣል፣ በበርሜል ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይብላላል። ጥንስሱ ወደ መዳብ ማውጫ ይገባና ከሥሩ እሳት ይነድበታል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ውኃ በሞላው በርሜል ውስጥ በተጠመጠመ የመዳብ ቱቦ ሲያልፍ ጠብ ጠብ ይላል። የመጀመሪያው ደካማ ስለሆነ ተመልሶ ለሁለተኛ ጊዜ ይወጣል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

የመዳቡ ማውጫ ግን ውድ ዕቃ ነው፣ ሁሉም ቤት የለም። የሌለው ገበሬ እህሉን ጭኖ ጎረቤቱ ዘንድ ሄዶ ያስወጣል፣ ከሚወጣውም ያካፍላል። አብዛኛው ማውጫ የሚነድደው እህል ከገባ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ነው፤ በቀረው ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ይህቺን ነጥብ ያዙልን፤ የሕጉ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሕጉና ስሌቱ

አዲሱ የፌዴራል መንግሥት ሥራ የጀመረው በ1789 ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን ክፍለ ግዛቶቹ በነጻነቱ ጦርነት የተበደሩትን ዕዳ ማዕከላዊው መንግሥት እንዲረከብ በ1790 አስወሰነ፤ የተፈቀደው ጣሪያ 21.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የጉምሩክ ቀረጥ ብቻውን ይህን አይሸከምም ተባለና በማርች 3 ቀን 1791 በአገር ውስጥ በሚወጣ መጠጥ ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ተጣለ። ሃሚልተን ግብሩን የሚያየው እንደ ቅንጦት ግብር ነበር፤ ውሎ አድሮ የሚከፍለው ጠጪው ነው ባይ ነው። በምሥራቅ ከተሞች ይህ እውነትነት አለው። በተራራው ማዶ ግን አውጪውም፣ ጠጪውም፣ በውስኪ ዕዳውን የሚከፍለውም ያው ገበሬ ነው።

በ1791ዱ ሕግ የገጠር ማውጫ በሚይዘው ልክ በጋሎን 60 ሳንቲም በዓመት ይከፍላል፤ ካልፈለገ ባወጣው መጠን በጋሎን 9 ሳንቲም። ጩኸት ሲበዛ ኮንግረሱ በሜይ 1792 አሻሻለው፦ በዓመት 54 ሳንቲም በማውጫው ጋሎን፣ ወይም ለሚሠራበት ወር ብቻ 10 ሳንቲም፣ ወይም በወጣው ጋሎን 7 ሳንቲም።

ለምሳሌ ያህል 100 ጋሎን የሚይዝ ማውጫ ያላቸው ሁለት ሰዎች እንውሰድ። አንደኛው ትንሽ ገበሬ ሁለት ወር አንድዶ 300 ጋሎን ያወጣል። በወር ቢከፍል 20 ዶላር፣ በጋሎን ቢከፍል 21 ዶላር ይመጣበታል፤ ወደ 7 ሳንቲም በጋሎን ማለት ነው። ሁለተኛው ሠራተኛ ቀጥሮ፣ እህል ገዝቶ፣ ዓመቱን ሙሉ እያነደደ 2,500 ጋሎን ያወጣል። የዓመቱን 54 ዶላር ከፍሎ ይገላገላል፤ በጋሎን ከሁለት ሳንቲም ጥቂት ብትበልጥ ነው። በሕጉ ላይ ለትልቁ አድሉ የሚል አንድም ቃል የለም። ሒሳቡ ግን ያደላል። ትንሹ በጋሎን ልክፈል ቢል ደግሞ ያወጣውን በየዕለቱ መመዝገብና በመሐላ ማረጋገጥ ነበረበት።

ዋጋውንም እንይ። በምሥራቅ አንድ ጋሎን ውስኪ 50 ሳንቲም ሲያወጣ በምዕራብ ግን 25 ሳንቲም ገደማ ነበር። ያው 7 ሳንቲም እዚያ ከዋጋው ሰባተኛው እጅ፣ እዚህ ከሩብ በላይ ይሆናል። እሱም በጥሬ ገንዘብ።

ከሁሉ የከፋው የክሱ ጉዳይ ነው። ማውጫውን ያላስመዘገበ ሰው የሚዳኘው ፊላደልፊያ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነበር፤ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በተራራ መንገድ። ገበሬ እርሻውን ትቶ፣ ስንቅ ይዞ፣ ምስክሮቹንም አስከትሎ ለሳምንታት መሄድ አለበት። ቅጣቱ 250 ዶላር ነው። ነጻ ቢባል እንኳ መንገዱ ብቻ ያደኸየዋል። በእኛ ግምት ይህ አንድ ነገር ቀድሞ ቢስተካከል ኖሮ ጉዳዩ በአቤቱታ ያልቅ ነበር።

ሦስት ዓመት ያልተሰበሰበ ግብር

ተቃውሞው በስብሰባና በአቤቱታ ጀመረ፤ ጎን ለጎን ግን ዱላው ነበረ። በሴፕቴምበር 1791 ሮበርት ጆንሰን የተባለውን ሰብሳቢ ፊታቸውን ያጠቆሩ ሰዎች ያዙት፣ ልብሱን ገፈፉት፣ ትኩስ ሬንጅ ቀብተው ላባ ነሰነሱበት። በድርጊቱ የተከሰሱትን መጥሪያ እንዲያደርስ የተላከውም ሰው ተገርፎ ያው ደረሰበት። በ1793 በፋዬት ሰብሳቢ የነበረውን ቤንጃሚን ዌልስን ሌሊት ቤቱ ገብተው የሹመት ወረቀቱን አስገድደው ተቀበሉት። ለግብር ቢሮ ቤቱን የሚያከራይ ሰው ቤቱ እንደሚቃጠል ይነገረዋል፤ ቢሮ ከሌለ ደግሞ ማስመዝገቢያ የለም፣ ማስመዝገቢያ ከሌለ ሕጉ በወረቀት ላይ ቀረ። በ1794 ደግሞ «ቶም ዘ ቲንከር» በሚል የሐሰት ስም የተፈረሙ ማስጠንቀቂያዎች በየቦታው ይለጠፉ ጀመር። ቲንከር ብረታ ብረት ጠጋኝ ማለት ነው። ግብር የከፈለ ሰው ማውጫውን በጥይት ይበሱበታል፤ «ጠገንነው» ይላሉ።

ዋሽንግተን በሴፕቴምበር 1792 የማስጠንቀቂያ አዋጅ ቢያወጣም ኃይል አልላከም። ሕጉ ያለበት መንግሥቱ የሌለበት አገር ሆኖ ቆየ።

በአካባቢው የግብሩ ዋና ተቆጣጣሪ ጄኔራል ጆን ኔቪል ነበር፤ የነጻነቱ ጦርነት መኮንን፣ ባለ ብዙ መሬት፣ ባለ ባሪያ፣ ራሱም ትልቅ የውስኪ አውጪ። የልጁ ባል አይዛክ ክሬግ በፒትስበርግ የጦሩን ስንቅ የሚያቀርበው መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ነው። ግብሩን የሚሰበስበው፣ ከግብሩ አሰላል የሚጠቀመውና ለጦሩ ውስኪ የሚሸጠው አንድ ቤተሰብ ሆኖ ሲታይ ገበሬው ሕጉን ከሰውየው ለይቶ ማየት አቃተው። ለሹመቱ ከእሱ የከፋ ሰው መምረጥ ያስቸግራል።

ጁላይ 1794

ኮንግረሱ በጁን 5 ቀን 1794 የፊላደልፊያውን ችግር አቃለለው፤ ከፌዴራል ፍርድ ቤት ርቀው የሚኖሩ ሰዎች በአካባቢያቸው የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት እንዲዳኙ ፈቀደ። ነገር ግን ከ60 በላይ በሆኑ አውጪዎች ላይ የተዘጋጁት መጥሪያዎች ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀድመው የወጡ ነበሩ፤ የሚጠሩትም ወደ ፊላደልፊያ ነው። ሕጉ ተሻሽሎ ሳለ አሮጌው መጥሪያ ተሸክሞ መንገድ ገባ። ሆን ተብሎ ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፣ የቢሮ አሠራር ነው የሚሉም አሉ። ለተጠሪው ገበሬ ልዩነት አልነበረውም።

የፌዴራል ፍርድ ቤቱን ትእዛዝ የሚያስፈጽመው ሹም፣ ማርሻል ዴቪድ ሌኖክስ፣ አብዛኛውን መጥሪያ ያለ ችግር አደለ። በጁላይ 15፣ አጨዳው በተጧጧፈበት ወቅት፣ ኔቪልን መንገድ መሪ አድርጎ ወደ ዊሊያም ሚለር እርሻ መጣ። ሰውየው መጥሪያው ሲነበብለት ፊላደልፊያና 250 ዶላር የሚሉትን ሰማ። አጠገቡም ኔቪል በፈረስ ላይ አለ። አልቀበልም አለ። ሁለቱ ሲመለሱ ከኋላቸው ጥይት ተተኮሰ፤ ማንንም አልነካም። ወሬው ግን ሰው እየታሰረ ወደ ፊላደልፊያ ሊነዳ ነው በሚል ተዛመተ። የሚንጎ ክሪክ ሚሊሺያ ለድንበሩ ጦርነት ምልመላ በዚያው ሰሞን ተሰብስቦ ስለነበር ወሬው የደረሰው የታጠቀ ሰው ጆሮ ነው።

በማግሥቱ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ማርሻሉን ፍለጋ ቦወር ሂል ወደሚባለው የኔቪል ቤት ሄዱ። ኔቪል ተኮሰ፣ ኦሊቨር ሚለር የተባለውን ወጣት ገደለ። የተኩስ ልውውጡ ሲጀመር የኔቪል ባሪያዎች ከጎጆዎቻቸው ተኮሱና ከበባው ተመለሰ። በጁላይ 17 ግን 500 ገደማ ሆነው መጡ። መሪያቸው በነጻነቱ ጦርነት የተዋጋው ሜጀር ጄምስ ማክፋርሌን ነበር። ኔቪል አምልጧል፤ ቤቱን የሚጠብቁት የሚስቱ እህት ባል ሜጀር ኪርክፓትሪክና ከፒትስበርግ የመጡ አሥር ያህል ወታደሮች ናቸው። ሴቶቹ እንዲወጡ ተፈቅዶ ተኩሱ ቀጠለ። ማክፋርሌን ከቤቱ ንግግር የተጠየቀ መስሎት ተኩስ አስቁሞ ወደ መንገዱ ብቅ ሲል በጥይት ወደቀ። ቤቱ ተቃጠለ። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የግብር ብቻ አልነበረም፤ በነጭ ባንዲራ ተታሎ ተገደለ ብለው ያመኑት ጀግና ደም ነበረበት።

በኦገስት 1 ወደ 7,000 ሰው ብራዶክስ ፊልድ በተባለው ሜዳ፣ ከፒትስበርግ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተሰለፈ። ብዙዎቹ ማውጫ እንኳ አልነበራቸውም። መሬቱ በሩቅ ባለሀብቶች ተይዞባቸው በኪራይና በዕዳ የሚኖሩ ነበሩ፤ ዋሽንግተን ራሱ በዋሽንግተን ካውንቲ ሰፊ መሬት ነበረውና ሰፋሪዎችን በፍርድ ቤት ረትቶ አስለቅቆ ነበር። ዴቪድ ብራድፎርድ የተባለው ጠበቃ ከተማዋን እንያዝ ይላል። ሌላው ጠበቃ ሂዩ ሄንሪ ብራከንሪጅ መሐል ገብቶ ሰልፉ በከተማዋ አልፎ እንዲሄድ አግባባ፤ የፒትስበርግ ነዋሪ ምግብና መጠጥ ይዞ ወጣ፤ ብራከንሪጅ ራሱ አራት በርሜል ውስኪ ሰጠ። የኪርክፓትሪክ ጎተራ ተቃጠለ፣ ከተማዋ ግን ተረፈች።

መንግሥቱ ምን በምን ቅደም ተከተል አደረገ

የ1792 የሚሊሺያ ሕግ ፕሬዚዳንቱ በራሱ ፈቃድ ጦር እንዲያዘምት አይፈቅድም። ሦስት በር አለው። መጀመሪያ አንድ የፌዴራል ዳኛ ተቃውሞው ከፍርድ ቤትና ከማርሻል አቅም በላይ ነው ብሎ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ቀጥሎ ፕሬዚዳንቱ ሰዎቹ ቀን ተቆርጦላቸው እንዲበተኑ በአዋጅ ማዘዝ አለበት። የሌላ ክፍለ ግዛት ሚሊሺያ የሚጠራው ደግሞ የአካባቢው ሚሊሺያ እምቢ ካለ ወይም ካልበቃ ነው።

ዋሽንግተን ሦስቱንም በተራ አለፈባቸው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ጄምስ ዊልሰን በኦገስት 4 ማረጋገጫውን ሰጡ። በኦገስት 7 አዋጁ ወጣ፤ እስከ ሴፕቴምበር 1 ተበተኑ ይላል። የፔንስልቬንያው ገዥ ሚፍሊን ፍርድ ቤቶቹ አልተሞከሩም ብሎ ተከራከረ። በዚያው ሳምንት ሦስት ኮሚሽነሮች ወደ ምዕራብ ተላኩ፦ ዋና ዐቃቤ ሕጉ ዊሊያም ብራድፎርድ (ከአመፀኛው ጠበቃ ጋር ስማቸው ቢገጥምም ሌላ ሰው ናቸው)፣ ዳኛ ጃስፐር ዬትስና ሴናተር ጄምስ ሮስ። ያቀረቡት ውል ግልጽ ነው፦ ለሕጉ እንደሚገዙ ይፈርሙ፣ ላለፈው ምሕረት ያገኛሉ።

በኦገስት 14 በፓርኪንሰንስ ፌሪ 226 ተወካዮች ተሰበሰቡ፤ ጸሐፊያቸው አልበርት ጋላቲን ነበር። በወሩ መጨረሻ ደግሞ 60 ሰው ያለው ኮሚቴ በሬድስቶን ተቀምጦ የኮሚሽነሮቹን ውል መረመረ። እዚህ ላይ ያደረጉትን በቅርብ ማየት ይገባል። እጅ አውጥቶ እገዛለሁ ለማለት የሚደፍር አልነበረም፤ ማታ ቤቱ ይቃጠላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ «አዎ»ና «አይደለም» አንድ ላይ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ታደለ። ሰው ወረቀቷን ቀድዶ የመረጠውን ቃል ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፣ የቀረውን ያጠፋል። ሲቆጠር 34 ለ23 ሆነ፤ ለመገዛት። ፍርሃት አፉን ዘግቶት የነበረው ወገን አብላጫ መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው።

በሴፕቴምበር 11 ሕዝቡ በየሰፈሩ እንዲፈርም ተጠራ። አንዳንድ ቦታ በብዛት ተፈረመ፣ ሌላ ቦታ ፈራሚው ተዛተበት፣ ወረቀቱም ተቀደደ። ኮሚሽነሮቹ ያለ ጦር ድጋፍ ሕጉ ሊሠራ አይችልም ብለው ሪፖርት አደረጉ። ጦሩ ግን ከዚያ በፊት እየተዘጋጀ ነበር፤ ከኒው ጀርሲ፣ ከፔንስልቬንያ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ 12,950 ሰው ተጠርቷል። ይህ ምልመላ ራሱ ሌላ ረብሻ ወለደ። በሜሪላንድ ሰው አልዘምትም አለ፣ በካርላይል የነጻነት ምሰሶ እየተባለ የተቃውሞ እንጨት ተተከለ፣ ጦሩም በዚያ አካባቢ ሁለት ሲቪሎችን ገደለ።

ዋሽንግተን በሴፕቴምበር 30 ከፊላደልፊያ ወጥቶ እስከ ቤድፎርድ ተጓዘ፤ ከዚያ አዛዥነቱን ለቨርጂኒያው ገዥ ለሄንሪ ሊ አስረክቦ ተመለሰ፤ ሃሚልተን ከጦሩ ጋር ቀጠለ። የሚዋጋቸው ሰው አላገኙም። ጠበቃው ዴቪድ ብራድፎርድ ወደ ስፔን ግዛት ሸሽቷል፤ ሌላውም ብዙ ሰው ጠፍቷል። በኖቬምበር 13 ሌሊት ፈረሰኞች በየቤቱ እየገቡ 150 ያህል ሰው ያዙ፤ ከነሱ ብዙው ምስክር ወይም ጭራሽ ንጹሕ ነበር። በብርድ፣ በቂ ምግብ ሳያገኙ ታጎሩ። የአገሩ ሰው ያንን ሌሊት «አስፈሪው ሌሊት» ብሎ ነው የሚያስታውሰው። ሃያ ያህሉ በክረምት ተራራውን በእግር ተሻግረው በገና ዕለት በፊላደልፊያ ጎዳና ለሕዝብ ታዩ። ሥርዓቱን ጠብቆ በመጣ ዘመቻ ውስጥ ይህኛው ክፍል ጠባሳ ነው፤ በሕግ ስም የመጣ ኃይል ሕግ ያልጠየቀውን አደረገ።

ፍርዱና ከዚያ ወዲህ

በአገር ክህደት ተከስሰው ችሎት ከቀረቡት አሥር ያህል ሰዎች ጥፋተኛ የተባሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፊሊፕ ዊግልና ጆን ሚቸል። አንደኛው በሰብሳቢ ቤት ላይ በተፈጸመ ጥቃት፣ ሌላው በፖስታ ዝርፊያ። ስቅላት ተፈረደባቸው። ዋሽንግተን ለፈረሙት አጠቃላይ ምሕረት በጁላይ 1795 አወጀ፤ ሁለቱንም ፍርደኞች በኖቬምበር 1795 ማራቸው። የብራድፎርድ ምሕረት በ1799 ከጆን አዳምስ መጣ።

ከዘመቻው ሰባት ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1786ና 1787፣ በማሳቹሴትስ ዕዳና ግብር ያስመረራቸው ገበሬዎች በዳንኤል ሼይስ መሪነት ሲነሡ ማዕከላዊው ኮንግረስ ጦር ማቆም አቅቶት ነበር፤ አመፁን የበተነው የቦስተን ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ያቆሙት የክፍለ ግዛቱ ጦር ነው። በ1794 ግን የፌዴራሉ መንግሥት የአራት ክፍለ ግዛት ሰው ጠርቶ መጥቶለታል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትልቅ ልዩነትም ነው። ግብሩ ግን ከዘመቻው በኋላም እንደ ልብ አልተሰበሰበም። በኬንታኪ ከፋይ ቀርቶ ክስ የሚያቀርብ ዐቃቤ ሕግ እንኳ ማግኘት ችግር ነበር። ዘመቻው ራሱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። በዚያ ዓመት በምዕራብ ገንዘብ የታየው በግብር ሰብሳቢው ከረጢት ሳይሆን ጦሩ ውስኪና ቀለብ በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ ነው፤ ሰው ግብሩን መክፈል የቻለውም በከፊል በዚሁ ነው።

የምዕራቡ ሰው መልሱን በምርጫ ሳጥን ሰጠ። ቶማስ ጄፈርሰን ሥልጣን ሲይዝ የውስጥ ግብሮቹ በ1802 ተሻሩ፤ መንግሥቱም በጉምሩክ ቀረጥ ላይ ተመሠረተ። የዚያን ጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር የፓርኪንሰንስ ፌሪው ስብሰባ ጸሐፊ አልበርት ጋላቲን ነበር።